እናቴ አጽሜን ልትወስድ የመጣች ዕለት

አሰላ ላይ አንድ አስተማሪ ወዳጅ ነበረኝ። ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ ነው፤ በአንድ እስላም ነጋዴ ግቢ ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። እኔ ገብስና ማገዶ በፈረስ አመጣለታለሁ፣ እሱ ሻይ ያፈላልኛል፣ እናወራለን። ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው። ግማሽ ድረስ ሄድንና እምቢ አልኩት፤ ቀሪውን በኋላ እንደነገሩ ራሴ ለቃቀምኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት ስደርስ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ዘርግቶ ያጉረመርማል።

«ምነው?» አልኩት።

«አንድ ግስ ነው ያስቸገረኝ፤ ነገ ለልጆቹ ላስረዳ ነው» አለ። «ምግብ ሆድ ገብቶ ደምና ሥጋ ሲሆን በዚህ ቃል ይሉታል። ትምህርት ጭንቅላት ገብቶ የራስ ዕውቀት ሲሆንም ያው ነው። መጻተኛ ካገሬው ተቀላቅሎ አገሬውን ሲመስልም ያው። እኛ ለሁሉም የየራሱ ቃል አለን፤ እነሱ አንዱን ለሁሉ ያደርጉታል።»

«ስስታሞች ናቸዋ» አልኩት።

ሳቀና ሻዩን ቀዳልኝ።

«ለመሆኑ» አልኩት፣ «ቃሉ የተበላውን ይጠይቃል?»

«እንዴት አድርጎ?»

«ገብሱ ሰው ሲሆን ገብሱ ምን ይላል?»

«አንተ ደግሞ። ገብስ ምን ይላል ብለህ ነው።»

«እኔ የሚለውን አውቃለሁ» አልኩትና እናቴ የመጣችበትን ያን ዕለት ተረኩለት። ግሱን በማግስቱ ለልጆቹ እንዴት እንዳስረዳቸው አላውቅም። እሱ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ከእሱ በቀር በሙሉ የነገርኩት ሰው የለም፤ አሁን እጄ ሳይደክም ልጻፈው።

እኔ የመንዝ ሰው ነኝ። ነበርኩ ማለት ይሻላል። አባቴ በልጅነቴ ሞቷል፣ ለእናቴ አንድ ነኝ። ጣሊያን ወጥቶ አገር ከረጋ በኋላ አንድ የቀዬያችን ልጅ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ከአሰላ በላይ በጭላሎ ጥግ ጣውላ ይሰነጥቅ ነበርና ጓደኛ ቢያጣ መጥቶ ይዞኝ ሄደ። ሥራው ሁለት ሰው ነው የሚፈልገው። የዝግባውን ግንድ በባላ እንጨት ከፍ አድርገው ያጋድሙታል፤ አንዱ ግንዱ ላይ ወጥቶ ይቆማል፣ አንዱ ከሥር ይገባል፤ ረጅሙን መጋዝ ወደ ላይ ወደ ታች ይሳሳቡታል። እኔ ከሥር ነበርኩ። ሰጋቱራው ዐይኔንና አፌን ይሞላዋል።

«ዐይኔ ጠፋ እኮ» እለዋለሁ።

«ጨፍነህ ጎትት» ይለኛል ከላይ። «ምን የሚያምር ነገር ልታይ ነው? የእኔን ቂጥ ነው?»

ክረምቱ ሲከብድ ተስቦ ያዘኝ። ጫካው ውስጥ የምንተኛበት የቅጠል ጎጆ ያፈስ ነበር፤ ጓደኛዬ እዚያ እንድሞት አልፈለገምና ተሸክሞ ወደሚቀርበው ቤት ወሰደኝ። የአርሲዎች ቤት ነው፤ ሽማግሌውና ሚስታቸው ብቻ ነበሩበት። በትኩሳት ነበርኩ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ጠፍቶብኛል፤ ሴትዮዋ በሩ ላይ ወጥታ ያየችኝን ግን አልረሳውም። እንግዳ እንደምታይ ሴት አላየችኝም። ከሄደበት የቆየባትን ሰው እንደምታይ ነው ያየችኝ። ምንም አልጠየቀችም። ገባ ብላ መደብ ላይ ቁርበት አነጠፈች፤ ለካ ቁርበቱ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ኖሯል።

ጓደኛዬ ጥቂት ቀን ጠበቀኝና ወደ ሲሬ በኩል ሥራ አገኘ። «ሲሻልህ ድረስብኝ» ብሎ ሄደ። አልፈረድኩበትም፤ ብቻውን መጋዝ አይጎተት።

ሕመሙ ሲለቀኝ ነገሩን ጥቂት በጥቂት ሰማሁ። እነዚህ ሰዎች አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። ባለፈው ክረምት የቀጣር ወንዝ ሞልቶ ሳለ በፈረስ ሊሻገር ገብቶ ውሃው ወሰደው። ፈረሱ ኮርቻው እንደተጫነ ብቻውን ቤቱ መጣ። ሰዎች ወንዙን ተከትለው እስከ ኦጎልቾ፣ ከዚያም ውሃው ሐይቅ እስከሚገባበት ድረስ ወረዱ፤ ሬሳው አልተገኘም። ስላልተገኘም አልተቀበረም፤ ስላልተቀበረም እናቱ እንደሰው አላለቀሰችም። የተኛሁበት ቁርበት የሱ ነው። የለበስኩት ቡሉኮ የሱ ነው። ዕድሜያችን አንድ ነበር።

መጀመሪያ የገረመኝ ማሩ ነው። እኔ ከልጅነቴ ማር ከሰጡኝ ሌላ ነገር አልፈልግም። አንድ ቀን ጎረቤት ማር አመጣ፤ ለሁሉም ተሰጠ፤ የእኔ ተራ ሲደርስ ሴትዮዋ ሣህኑን ወደ ጎን አደረገችና ጭኮ ሰጠችኝ፤ የተጠበሰ የገብስ ዱቄት በቅቤ ነው፣ የአርሲ ምግብ።

«ማሩስ?» አልኩ ባለችኝ ኦሮምኛ።

«ማር አትወድም» አለች። እንደመከልከል አይደለም። ማር አለመውደዴን የረሳሁ መስሏት ነው ያስታወሰችኝ።

እልኸኛ ነኝና እወዳለሁ ብዬ ተከራከርኩ። ፈገግ ብላ ተወችኝ። ከወራት በኋላ አሰላ ገበያ ላይ ለእልኬ ብዬ ማር ገዝቼ አንድ ጣት ብቀምስ አፌ ውስጥ ዞረ። ተፋሁት። ያመመኝ መሰለኝ። እስከ ዛሬ ማር አልበላም።

ፈረሱ ደግሞ አለ። ልጁን ውሃ ከወሰደው ቀን ወዲህ ሰው አያስጠጋም ነበር፤ ሽማግሌው እንኳ ሳር የሚጥሉለት ከሩቅ ነው። በእግሬ የቆምኩ ሰሞን በረቱን ሳልፍ አንገቱን አውጥቶ አፍንጫውን ደረቴ ላይ አሳረፈ። የለበስኩት ቡሉኮ ሸትቶት ነው፣ ነገሩ ይገባኛል። ቡሉኮውን አውልቄ ስመለስም ያው ነው ያደረገው፤ ይኼ አልገባኝም።

ከሁሉ ያስፈራኝ ግን ቢላዋው ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ እቤት ተቀምጠን፣ ሽማግሌው ጠፍር ሊያበጁ ቢላዋ ፈለጉና አጡ። እኔ ከምተኛበት መደብ ተነሣሁ፣ እጄን ወደ ላይ ሰደድኩ፣ በሣር ክዳኑና በማገሩ መሐል አስገብቼ አንድ ቢላዋ ከነሰገባው አወጣሁና ሰጠኋቸው። ሁለታችንም እጃችንን አየን፤ እሳቸው የያዙትን፣ እኔ የሰጠሁበትን።

«ማን ነገረህ?» አሉ።

«ማንም።»

ሴትዮዋ ገብሷን እያበጠረች ነበር። ቀና ሳትል፣ «ማን ይነግረዋል?» አለች።

ቢላዋው የልጁ ነው። ከሞተ ወዲህ ፈልገው አጥተውት ኖሯል። በኋላ ለራሴ ምክንያት አበጀሁለት፤ እዚያ መደብ ላይ የሚተኛ የእኔ ቁመት ያለው ሰው እቃ የሚሸጉጠው እዚያው ነው አልኩ። ልክ ሊሆን ይችላል። እጄ ወደ ላይ ስትሄድ ግን ይህን አላሰብኩም። ምንም አላሰብኩም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ገበያ ላይ ጮሌ ከሚባል አገር የመጣ ሰው ትከሻዬን ይዞ፣ «አንተ ሌባ፣ መጫኛዬን ይዘህ ቀረህ አይደል?» አለኝ። የልጁን መሞት አልሰማም። አይደለሁም ልለው አፌን ስከፍት የወጣው፣ «በሚቀጥለው ገበያ አመጣልሃለሁ» ነው። ቤት ስገባ መጫኛው ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። በሚቀጥለው ገበያ ወሰድኩለት። ሰውዬው ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ፣ «አሁን ሰው ሆንክ» ብሎ ሄደ።

በዚህ መሐል እኔ ሁልጊዜ ለመሄድ ነበር የማስበው። እህሉ ይታጨድና፣ ይወቃና፣ እላለሁ። እናቴ ብቻዋን ናት። ይህን ሽማግሌውም ያውቃሉ። አንድ ቀን ውድማ እየለቀለቅን ሳለ ሥራውን ተውት፤ ተቀመጥ አሉኝ።

«ልጅ ሁንልን» አሉ።

«እናት አለችኝ፣ አባ።»

«እናትህን ተው አላልኩም። ሄደህ እያት፣ ተመለስ። እኔ የምጠይቅህ ስሙን እንድትወስድልን ነው። ከብቱ፣ መሬቱ፣ ጎሳው ከስሙ ጋር ነው ያለው። አንተ ስትወስደው ቤቱ ሰው አለው ማለት ነው። ግን ከወሰድከው በኋላ በድሮው ስምህ ቢጠሩህ አቤት አትልም። መሐላው ይኼ ነው።»

እልኸኛነቴ እዚህ ላይ ነው ጉድ ያደረገኝ። እኔ የምለወጥ ሰው አይደለሁማ። ስም ምን ያደርገኛል፣ ደስ ይበላቸው፣ ሬሳ ሆኜ መጥቼ አጥበው አብልተው አስነሥተውኛል አልኩ። በፈለጋችሁት ጥሩኝ፣ እኔ እኔ ነኝ አልኩ። እሺ አልኳቸው።

ነገሩ በዚያ ቤት የተደረገው እንዲህ ነው፤ በሌላው ጎሳ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ ወይፈን ታረደ። በዚያን ጊዜ ክርስቲያን የእስላም ሥጋ አይበላም፣ እስላምም የክርስቲያን አይበላም፤ ሰው የማን እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። ቁራጩን አጎረሱኝ፣ ዋጥኩ። ጸሎቱን በተመለከተ ወደዚህ ና ወደዚያ ሂድ ያለኝ ግን የለም፤ ሥጋው በቃቸው። ከዚያ እናትየዋ ቅቤ ቀባችኝና ከመጋረጃ ጀርባ አስገባችኝ። እንደ አራስ ልጅ እዚያ ተቀምጬ ገንፎ እየበላሁ ቀናት ማሳለፍ ነበረብኝ። ከመንዝ ለብሼው የመጣሁት ልብስ፣ እናቴ የፈተለችው ጋቢዬ፣ ኮቴ፣ ሱሪዬ፣ ተጠቅልሎ ከቤቱ በላይ ባለው ጉብታ ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረ። የድሮው ሰውዬ ተሸኘ ማለት ነው።

ታዲያ ሴቶቹ ጉድጓዱ ዳር ሲቆሙ እናትየዋ መጮህ ጀመረች። ለእኔ ልብስ አይደለም። ልጇን ቀብራ አታውቅም፤ አሁን የተከፈተ ጉድጓድ፣ የተጠቀለለ ነገር፣ አፈር የሚመልሱ ሰዎች አገኘች። ጎረቤቱም ገባውና አብሮ አለቀሰ። እንዲያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። እኔ መጋረጃ ጀርባ ቅቤ በግንባሬ እየወረደ አዳምጥ ነበር። የሚያለቅሱለት ሰው እዚያ አፈር ውስጥ የለም፤ እዚያ ያለው የእኔ ኮት ነው። እኔም የለሁም፣ ከመጋረጃ ጀርባ ነኝ። ታዲያ ማን ነው እየተቀበረ ያለው አልኩ። ገንፎዬን በላሁ።

ጉብታው ላይ አፈሩን ከፍ አድርገው፣ ድንጋዩን ዙሪያውን ደርድረው፣ የደንብ መቃብር አደረጉት። ቤቱ በመጨረሻ መቃብር አገኘ።

ያን ዕለት ጓደኛዬ፣ የመጋዝ ጓደኛዬ፣ ሊጠይቀኝ ከሲሬ መጥቶ ነበር። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ኦሮምኛ አያውቅም። ከአጥሩ ውጪ ሲደርስ ሰው ተሰብስቧል፣ ሴቶች ደረት ይመታሉ፣ አንዱ የእኔን ጋቢ ተሸክሞ ወደ ጉድጓድ ይወርዳል። ጋቢውን ያውቀዋል፤ ሁለት ክረምት አብረን ለብሰነዋል። በእኛ አገር ሰው ሲቀበር ያየ ሰው ምኑን ይጠይቃል? ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ አልቅሶ፣ ሰው ሳያነጋግር ተመለሰ። ሥራውንም ተወ። መንዝ ገብቶ ለእናቴ መርዶዬን ነገራት። በዐይኔ ሲቀበር አየሁ አላት፤ አልዋሸም።

እኔ ይህን አላውቅም። እኔ በወተት፣ በገብስ፣ በከብት ኑሮዬን እየኖርኩ ነው። አንድ ነገር ብቻ በድብቅ እይዝ ነበር፤ ማለዳ ውሃ ለመቅዳት ምንጩ ጋ ስወርድ፣ ሰው አለመኖሩን አይቼ የድሮ ስሜን በአፌ እጠራዋለሁ። እንዳይጠፋብኝ። እልክ ነው። ታዲያ አንድ ማለዳ ጠራሁትና ቆምኩ። የሆነ የማውቀው ሰው ስም መሰለኝ። ድሮ ጎረቤት የነበረ፣ ደግ የነበረ፣ የት እንደደረሰ የማላውቅ ሰው። ደገምኩት፤ ያው ነው። እንስራውን ሞላሁና ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ መጥራቱን ተውኩት፤ ሰው የሌለበት ቦታ የሌላ ሰው ስም መጥራት ደስ አይልም።

ክረምት አልፎ አጨዳ ደረሰ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከማሳ በፈረስ እየተመለስኩ ነበር። ጉብታው ላይ፣ መቃብሩ ዳር፣ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ አንዷ የአርሲ እናቴ ናት፣ ሌላዋ ነጠላ ያዘቀዘቀች ከሲታ አሮጊት፣ ጀርባዋን የሰጠች። ከአሰላ ሰው የመጣ መሰለኝ። ወደ በረቱ አለፍኩ።

ከኋላዬ አንድ ድምፅ ስም ጠራ። ሰማሁት፤ ጆሮዬ ደህና ነበር። ሰው ሰውን ሲጠራ እንደሚሰማ ነው የሰማሁት። እንዲያውም ማንን ነው የምትጠራው ብዬ በአጥሩ በላይ ወደ መንገዱ ተመለከትኩ። ማንም የለም። ፈረሱን ማሰር ቀጠልኩ። ድምፁ ደገመው። ልጓሙን አወለቅሁ።

ከዚያ የአርሲ እናቴ በልጇ ስም ጠርታ፣ «ኮቱ ኢልማ ኮ» አለች፤ ና ልጄ ማለቷ ነው።

«አቤት» ብዬ ዞርኩ።

አሮጊቷ ቆማለች። እናቴ ናት።

መሐላው ነው ያላዞረህ የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። ለእናቴ ብዬ መሐላዬን እዚያው በቆምኩበት አፈርሰው ነበር። የምጠራ ስላልመሰለኝ ነው። ይኼን ነው ለአስተማሪው ያልኩት፤ ገብሱ ምንም አይልም፤ ሲጠሩት ማንን ነው የሚጠሩት ይላል።

እግሯ ሥር ወደቅሁ። አነሣችኝ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየችኝ። አንድ የአሰላ ነጋዴ እዚህ ድረስ አምጥቷት፣ ለአርሲ እናቴ የመጣችበትን በኦሮምኛ ነግሮላት ወደ ሥራው ተመልሶ ኖሯል። የመጣችበት ደግሞ አጽሜን ለመውሰድ ነው። ተዝካሬን አውጥታለች፤ አንዱን በሬያችንን አርዳ፣ ካህናቱም አገሩም በልቶ፣ ነፍስ ይማር ተብሎልኛል። የቀራት ከአባቴ ጎን ማሳረፍ ነበር፤ ለዚህ አዲስ ነጭ ሸማ ይዛ መጥታለች። የአርሲ እናቴ፣ እንዳታጣኝ ፈርታ ይመስለኛል፣ ነጋዴው ያለው እንዳልገባት ሆና ወደ መቃብሩ መርታታለች። ሁለቱ ቋንቋ ሳይኖራቸው ግማሽ ቀን እዚያ ተቀምጠው አልቅሰዋል፤ አንዷ ለውሃው ልጅ፣ አንዷ ለእኔ፣ ሁለቱም ለኮቴ።

«አልሞትኩም፣ እማዬ» አልኳት። አማርኛዬ እንደ ድንጋይ ከበደኝ፤ ቃሉን እየፈለግሁ ነው ያወጣሁት።

«አነጋገርህ ምን ሆነ?» አለች።

«እዚህ እኮ…»

«ሥጋቸውን በላህ?»

«በላሁ።»

«እግርህን ምን አገኘው? ስትወርድ አየሁህ፣ ግራህን ትስባለህ።»

እግሬን የምስብ መሆኔን እሷ ስትናገር ነው ያወቅሁት። ሟቹ ግራ እግሩን ፈረስ ረግጦት ኖሯል፣ ሲሄድ ይስባት ነበር፤ ይህን ሰው ነግሮኛል። እኔን የረገጠኝ ፈረስ የለም።

የአርሲ እናቴ ቆሎ አቀረበች። ጾም ነበርና ሌላው እንደማይሆን አውቃ ነው። እናቴ አመስግና ጥቂት ዘገነች። ከዚያ በመሐላቸው አስቀመጡኝና መነጋገር ጀመሩ፤ አስተርጓሚው እኔ ነኝ፤ ነገሩም እኔ ነኝ።

«እርስዎ ነዎት ያስታመሙልኝ?» አለች እናቴ።

ተረጎምኩ።

«እኔ ነኝ» አለች የአርሲ እናቴ። «አላሰርኩትም በላት። ከወሰደችህ ሂድ። ፈረሱንም ውሰድ። እኔ ሁለት ጊዜ ባጣ ይቻለኛል።»

ተረጎምኩ። ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

እናቴ ወደ እኔ አየች። «ልሂድ ትላለህ?» አለችኝ።

«እሄዳለሁ» አልኳት። ከልቤ ነው። «ቀኖና ተቀብዬ እመለሳለሁ። እቤቴ ነው።»

ቆሎውን በጣቷ አንከባለለች።

«ሁለቴ ጠራሁህ» አለች። «የኔ ልጅ፣ ገደል ማዶ ሆኖ ብጠራው አቤት የሚል ልጅ ነበር። አንተ ሰማህ። አየሁህ፣ ሰምተህ ወደ መንገዱ ነው ያየኸው። ማን ይሆን የተጠራው ብለህ።»

«እማዬ፣ ፊቴን አታውቂውም?»

«ፊቱን አውቀዋለሁ» አለች። «ፊቱ የሱ ነው።»

እብደት አልነበረም። በሕይወቷ ሙሉ እንደዚያ ረጋ ብላ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች፤ የአርሲ እናቴን ትከሻ ሳመች።

«አፈር እንድትሰጠኝ ንገራት» አለችኝ። «ካጽሙ ላይ ያለውን አፈር።»

ይህንንም ተረጎምኩ። የአርሲ እናቴ አየችኝ፣ እሷንም አየች። ከዚያ መቃብሩ ጋ ተንበርክካ በገዛ እጇ አፈሩን ጭራ፣ ጠጠሩን ለቅማ፣ በነጩ ሸማ ላይ አደረገችላት። ሁለቱ ሴቶች ጫፍና ጫፉን ይዘው ቋጠሩት። ሕፃን እንደሚጠቀልሉ ነው የጠቀለሉት።

በፈረሱ አስቀምጬ ወደ አሰላ ወሰድኳት። ቋጠሮውን አቅፋለች፤ እኔ ልጓሙን ይዤ በእግሬ ከፊት እሄዳለሁ። መንገዱን ሙሉ ከኋላዬ ትጠራኛለች ብዬ ጆሮዬን አቅንቼ ነበር። አሁን ብትጠራኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብትጠራኝ፣ ከአፏ ሳይወጣ አቤት እላለሁ ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። ስለ አዝመራው ጠየቀችኝ። ገብሱ ያምራል አለች። ጭላሎ ላይ ያለው ደመና ዝናብ ያመጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አያመጣም አልኳት።

ወደ ናዝሬት የሚወርደው ካሚዮን እህል ጭኖ ሊነሣ ነው። ረዳቱ፣ «እማማ፣ ቋጠሮውን ወዲህ ይስጡኝ፣ ከላይ ላድርገው» አላት።

«ይኼ ከእኔ ጋር ነው» አለች።

«ምንድን ነው፣ ቡና ነው?»

«ልጄ ነው።»

ረዳቱ ሳቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው፤ ሾፌሩ ጋ ቦታ ሰጣት።

ደግፌ አሳፈርኳት። በመስኮቱ እጇን አውጥታ እጄን ያዘች። ደረቅ፣ ቀላል እጅ ነበረች። ሞተሩ ተነሣ።

«እዚህ ድረስ አደረሱኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። አንቱ አለችኝ። «በጸሎቴ እንዳስብዎ ስምዎን ማን ልበል?»

ዐይኖቿ ዐይኔ ላይ ነበሩ። የምትጠይቀኝን አውቄአለሁ። እሷም የጠየቀችኝን ታውቃለች። አፌን ከፈትኩ፤ የድሮውን ስም ልናገር ነው፣ በአፌ ይዤዋለሁ ብዬ ነበር። የወጣው ያኛው ነው። የውሃው ልጅ ስም።

ደገመችው፣ አፏ ላይ እንዳይበላሽባት በቀስታ። «ዕድሜ ይስጥዎ» አለች ያንን ስም ጨምራ። ቋጠሮውን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ካሚዮኑ ሄደ።